ሜዝካል ልትነግዱ ካሰባችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

እዚህ ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያው የመጠጥ ሱቅ ያለን ሐበሾች ቀላል አይደለንም። ይህን የምጽፈው ለእናንተና ሱቅ ለመክፈት ለምትሯሯጡት ነው። ሜዝካል ማለት አጋቬ ከሚባል ተክል የሚወጣ የሜክሲኮ ጠንካራ መጠጥ ነው፤ እዚያ ንግድ ውስጥ ልትገቡ ካሰባችሁ መጀመሪያ አንብቡት፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን ወስኑ። እኛ ቤት በዚህ መጠጥ የተነሳ ደህና ገንዘብ ተበልቷል፤ ባልና ሚስት የተኮራረፍንበት ጉዳይም ነበር። ዛሬ ግን ሱቃችን ውስጥ የምኮራበት መደርደሪያ የሜዝካሉ ነው። ስለዚህ አትግቡበት አልላችሁም። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆቹ ነው የጻፍኩት።

ነገሩን ያመጡት ደንበኞች ናቸው። ድሮ ከሱቃችን የሚወጣው ሄኔሲና ብላክ ሌብል ነበር። ቀስ በቀስ ቴኪላ ጠያቂው በዛ፤ ቀጥሎ ደግሞ "ያ ጭስ ጭስ የሚለው አላችሁ?" የሚሉ ወጣቶች መጡ። የኛ ሱቅ ብቻ አልነበረም፤ በ2022 ቴኪላና ሜዝካል አንድ ላይ ተደምረው አሜሪካ ውስጥ በሽያጭ ገቢ የአሜሪካን ውስኪ አልፈው ከቮድካ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነዋል። በዚያ ላይ የፊልም ተዋናዩ የጆርጅ ክሉኒ ወሬ አለ። ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው ካሳሚጎስ የተባለ ቴኪላ በ2017 እስከ 1 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ውል ዲያጂዮ ለሚባለው ትልቅ የመጠጥ ኩባንያ ተሸጠ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ይህን ከሰማ በኋላ እንቅልፍ አጣ። "እቴቴ፣ እኛስ ከማን እናንሳለን?" ይለኛል እሁድ እሁድ ቡና ላይ።

መጠጡ ከምን እንደሚወጣ እንግባባ፤ ሻጩ ራሱ ካላወቀው ገዢው ያውቅበታል። አጋቬ ቁልቋል አይደለም፣ እሬትም አይደለም። ገመድ የምንገምድበት ቃጫም የአጋቬ ዓይነት ነው፤ የቃጫው ተክል ራሱ መነሻው ሜክሲኮ ነው። ሹል ቅጠሎቹ ተቆርጠው ይጣሉና መሃል ላይ አናናስ የሚመስል ትልቅ ግንድ ይቀራል። አንዱ ብቻውን ሃምሳ ኪሎና ከዚያም በላይ ሊመዝን ይችላል። ስኳሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ቴኪላ የሚሠራው ሰማያዊ አጋቬ ከሚባለው ከአንዱ ዓይነት ብቻ ነው፤ ዋናው አገሩም የሜክሲኮዋ ሃሊስኮ ግዛት ነው። ሜዝካል ግን ከብዙ ዓይነት አጋቬ ይወጣል፣ አብዛኛውም የሚመጣው ከኦአሃካ ግዛት ነው።

ነጋዴ ልብ ሊለው የሚገባው ጊዜውን ነው። ገብስ ዘንድሮ ይዘራል፣ ዘንድሮ ይታጨዳል። ኤስፓዲን የሚሉት፣ በብዛት የሚተከለው አጋቬ፣ ለመድረስ ከ6 እስከ 8 ዓመት ይፈጅበታል። ቶባላ የሚባለው ዓይነት ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት ያልፋል። ገደላ ገደል ላይ የሚበቅለው ቴፔስታቴ ደግሞ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ተክሉ አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል፤ ስለዚህ ስኳሩ ወደ አበባው ሳይሄድ ይቀድሙታል። እንግዲህ አስቡት፤ ሃያ ዓመት የጠበቀ ተክል ተቆርጦ፣ ተጠብሶ፣ ወጥቶ፣ ታሽጎ፣ ባሕር ማዶ ተጭኖ በ30 ዶላር ይሸጣል? ቴፔስታቴ ነው ብሎ በዚህ ዋጋ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ በሩን አሳዩት።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። የባለቤቴ ወንድም ለሽርሽር ኦአሃካ ሄዶ አንድ ደላላ ይዞ መጣ። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፣ አለባበሱ ጥሩ ነው፣ ስልክ ቶሎ ያነሳል። የላከልን ናሙና በእውነት ግሩም ነበር። እኔ ከመጠጥ ጋር ያደግኩ ሰው ነኝ፤ እናቴ ደብረ ብርሃን አረቄ እያወጣች ነው ያሳደገችን፣ ጥሩና መጥፎ በአፍንጫዬ እለያለሁ። ያኛው ንጹሕ ነበር፣ የተጠበሰ ሽታ አለው፣ ጉሮሮ አይቧጭርም። በራሳችን ስም ታሽጎ እንዲመጣልን ቀብድ ተላከ። ባለቤቴ "ውል ሳይኖር?" ብሎ ነበር። "ሐበሻ ስትሆን ሁሉም ሌባ ይመስልሃል" ብለን ሳቅንበት። ከዚያ ወረቀት ሊመጣ ነው እየተባለ ወራት አለፉ። በመጨረሻ "ከዕቃችሁ ላይ የተቀዳ" የተባለ ሌላ ጠርሙስ መጣ። ቀመስኩት። ያው መጠጥ አልነበረም፤ ጭሱ አለ፣ ጉልበቱ የለም። ጠርሙሱ ላይ ግን በእጅ "48" ተብሎ ተጽፏል፤ አልኮሉ 48 በመቶ ነው ለማለት።

ይኼኔ ነው ራሳችን ኦአሃካ የሄድነው። ያቺን ጠርሙስም ይዘን።

ከኦአሃካ ከተማ ወደ ደቡብ ሳንታ ካታሪና ሚናስ የምትባል መንደር አለች። በሸክላ ማውጣት የምትታወቅ ናት። ሹፌራችን አንድ አዛውንት ጋ ወሰደን፤ አባታቸውም አያታቸውም ሜዝካል የሚያወጡ ነበሩ። ጓሯቸው ስገባ ሽታው ቤቴ ያለሁ አስመሰለኝ። መሬት ውስጥ ሰፊ ጉድጓድ አለ። እንጨት ያነዱበታል፣ ድንጋይ ያግላሉ፣ የአጋቬውን ግንድ ሰንጥቀው ይከምሩበትና በአፈር ደፍነው ለቀናት ይተዉታል። ጭሱ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ሲወጣ ቡናማና ጣፋጭ ነው፤ ቆርሰው ሰጡኝ፣ እንደ ሸንኮራ መጥጬ ቃጫውን ተፋሁት። ከዚያ ይወቀጣል። እሳቸው በእንጨት ነው የሚወቅጡት፤ ሌሎች መንደሮች ፈረስ ወይም በቅሎ የሚጎትተው ትልቅ ክብ ድንጋይ አላቸው። ጥንስሱ ክፍት የእንጨት በርሜል ውስጥ ይቀመጣል። እርሾ አይገባበትም፤ ከአየሩ የሚያገኘው ይበቃዋል። ጌሾ የለ፣ ብቅል የለ። እኛ ጌሾና ብቅል እንደምንጨምር ስነግራቸው እሳቸውም ገረማቸው።

የማውጫው አሠራር ግን ነው ያፈዘዘኝ። እናቴ ቤት ማሰሮው እሳት ላይ ነው፤ እንፋሎቱ በመቃ ወደ ሌላ ዕቃ ይሄድና ዕቃው ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይቀዘቅዛል። እዚያ የሸክላው ማሰሮ እስከ አንገቱ ምድጃው ውስጥ ተገንብቷል። ከላዩ ላይ ከግርጌው ክፍት የሆነ ሌላ ሸክላ ይቆማል፣ አናቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ የብረት ሳህን ይቀመጣል። እንፋሎቱ የሳህኑን ቂጥ ነክቶ ይንጠባጠባል፤ ውስጥ ያለች የእንጨት ማንኪያ ትቀበለውና በመቃ ወደ ውጭ ይወርዳል። ሁለተኛ ጊዜ ያወጡታል፣ ልክ እንደ ዳግም አረቄ። መጀመሪያ የሚመጣውን ለብቻ፣ መሃሉን ለብቻ፣ መጨረሻውን ለብቻ ይቀበላሉ።

ጠርሙሳችንን ሰጠናቸው። አላሸተቱትም። ከግድግዳው ላይ ቅል አወረዱ፤ አዎ፣ የኛው ቅል። መጀመሪያ የራሳቸውን ሜዝካል በቀጭን መቃ መጥጠው ከፍ አድርገው ቅሉ ውስጥ አንቆረቆሩት። ጠርዙን ይዞ ዙሪያውን አረፋ ተደረደረ፤ ትንንሽ፣ ክብ፣ አንድ ዓይነት። ቆየ። አየነው፣ ተነጋገርን፣ አሁንም አለ። ቅሉን አጥበው የኛን አንቆረቆሩ። አረፋው ወጣና እዚያው ጠፋ። ሹፌሩን እያዩ አንድ ነገር አሉ። "ውሃ ሰጥተዋችኋል ይላሉ" አለን ሹፌሩ።

የአረፋው ምስጢር ይኼ ነው፦ አልኮሉ ከ45 እስከ 55 በመቶ አካባቢ ሲሆን አረፋው ቆንጆ ሆኖ ይቆያል። በጣም ሲቀጥንም በጣም ሲበረታም ቶሎ ይጠፋል። ሜዝካል በደንቡ ከ35 እስከ 55 በመቶ ነው የሚሸጠው፤ ስለዚህ 40 በመቶ ሆኖ አረፋ ያልያዘ ሁሉ የተጭበረበረ ነው ማለት አይደለም። 48 ነው ተብሎ አረፋው ቶሎ ከሞተ ግን ጠይቁ።

ይህን ካነበባችሁ በኋላ ግን አንድ ነገር አደራ። አረፋው የሚነግራችሁ ጉልበቱን እንጂ ደህንነቱን አይደለም። ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል በአረፋ አይታይም፣ በምላስም አይለይም። በ2020 ሜክሲኮ ውስጥ በሜታኖል በተበከለ መጠጥ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ማንም ሰው፣ ዘመዳችሁም ቢሆን፣ የምትገዙትን ምርት የላቦራቶሪ ውጤት ካላሳያችሁ አንድ ሳንቲም አትላኩ። ውጤቱ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ጠርሙሱ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። የኛ ደላላ የላከው ወረቀት የሌላ ዓመት፣ የሌላ መንደር ነበር። ገንዘባችን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ስልኩም አይነሳም።

ሁለተኛው ጣጣ የስሙ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ በደንቡ መሠረት ያልተመሰከረለት መጠጥ ጠርሙሱ ላይ "ሜዝካል" ብሎ መጻፍ አይችልም፤ "ደስቲላዶ ደ አጋቬ" ይባላል፣ ከአጋቬ የወጣ መጠጥ እንደማለት። የኛ ዕቃ ምስክር ወረቀት አልነበረውም፤ ውሃ ባይገባበት እንኳ ሜዝካል ብለን ልንሸጠው አንችልም ነበር። ፍርዱ ግን በጭፍን አይሁን። የወረቀቱ ወጪ ከብዷቸው ወይም ደንቡ አላስማማ ብሏቸው ሆን ብለው የወጡ በጣም ጎበዝ አውጪዎች አሉ። ሱቄ ውስጥ ካሉት ምርጦቹ አንዱ "ሜዝካል" የሚል ቃል የለበትም። ዋናው ነገር የምትገዙት የትኛውን እንደሆነ አውቃችሁ፣ በትክክለኛ ስሙ መሸጥ ነው።

አሁን ጠርሙስ እንዴት እንደማነብ ልንገራችሁ። "በእጅ የተሠራ"፣ "የአያቶች ጥበብ" ምናምን የሚለውን ዝለሉት፤ ማስታወቂያ ነው። ስለ አሠራሩ በሕግ ትርጉም ያላቸው ቃላት ሦስት ናቸው። እነሱም በ2017 በወጣው የሜክሲኮ ደንብ ተለይተው ተቀምጠዋል። "ሜዝካል" ብቻ ካለ በፋብሪካ መሣሪያ የተሠራ ሊሆን ይችላል። "ሜዝካል አርቴሳናል" ካለ በጉድጓድ ወይም በድንጋይ ምድጃ ተጠብሶ በቀጥታ እሳት የወጣ ነው። "ሜዝካል አንሴስትራል" ካለ በሸክላ ነው የወጣው፣ እንደ አዛውንቱ። ከዚያ የአጋቬውን ዓይነት፣ መንደሩን፣ ያወጣውን ሰው ስምና የምርቱን ቁጥር ፈልጉ። እነዚህን የደበቀ ጠርሙስ ከፍ ያለ ዋጋ ሲጠይቅ እኔ አልከፍልም። መለያው ላይ የታዋቂ ሰው ፊርማ ኖሮ ያወጣው ሰው ስም ከሌለ ደግሞ ጭራሽ አላነሳውም፤ ይኼ የግሌ ነው።

ቴኪላም ላይ እንዲሁ። "100 በመቶ አጋቬ" የማይል ከሆነ እስከ 49 በመቶ የሚሆነው ስኳር ከሌላ ነገር የመጣ ሊሆን ይችላል። ጠርሙሱ ላይ "ኖም" (NOM) ከሚለው ቀጥሎ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፤ የትኛው ፋብሪካ እንዳወጣው ይነግራችኋል። አንዳንዴ የሃያ ዶላሩና የሰማንያ ዶላሩ ቁጥር አንድ ይሆናል። በርሜል ውስጥ ከረመ የተባለው ቴኪላ ላይ ደግሞ ቀለም፣ ማጣፈጫ፣ የእንጨት ጣዕም በትንሹ፣ እስከ 1 በመቶ፣ ሳይነገር መጨመር ይፈቀዳል። ቫኒላ ቫኒላ የሚለው ሁሉ ከበርሜሉ አይምሰላችሁ።

ወደ ሕጉ ልግባ፣ አሰልቺ ቢሆንም። ከኦአሃካ በሻንጣ አምጥቶ መሸጥ አይቻልም። በቃ አይቻልም። አንድ አዋቂ አንድ ሊትር ያለ ቀረጥ ይዞ መግባት ይችላል፤ ለራሱ ወይም ለስጦታ እንጂ ለሱቅ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ መጠጥ ከአስመጪ ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋይ ወደ ሱቅ ነው የሚሄደው። አስመጪው የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ መለያውም ቲቲቢ በሚባለው የፌዴራል ቢሮ መጽደቅ አለበት። የጸደቁ መለያዎች መዝገብ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ደላላ ሲመጣባችሁ የመጠጡን ስም እዚያ ፈልጉት። ከሌለ ወሬው ገና ወሬ ነው። እኛ ቀብዱን ከመላካችን በፊት ይህን የሚነግረን ሰው ቢኖር ኖሮ!

አካባቢውም ይለያያል። ዲሲ ውስጥ የግል ሱቅ ጠንካራ መጠጥ ይሸጣል። ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ ግን ጠርሙሱን የሚሸጠው የስቴቱ ሱቅ ነው። ሜሪላንድ ሞንትጎሞሪ ካውንቲ ደግሞ ጅምላውን ካውንቲው ራሱ ይዞታል። ዲሲ ያለ ጓደኛችሁ ያደረገውን አይታችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ እቅድ አታውጡ።

ከኦአሃካ ስንመለስ የራሳችን ስም ያለው ጠርሙስ የሚባለውን ሕልም ተውነው። የባለቤቴ ወንድም አኮረፈ፣ ኋላ ተወው። ያደረግነው ቀላል ነገር ነው፦ አዛውንቱን የመሰሉ ሰዎችን ምርት በሕጋዊ መንገድ የሚያስመጡ ትንንሽ አስመጪዎችን ፈለግን። አሉ። ያወጣውን ሰው ስትጠይቋቸው ስሙን፣ መንደሩን፣ ስንት ሊትር እንዳወጣ ሳያመነቱ የሚናገሩ ናቸው። መልሱ "ከቢሮ ጠይቄ" ከሆነ አልቸኩልም።

ሽያጩ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ የሚመጣው ደንበኛ የሚፈልገው አንዳንድ የሜዝካል ጠርሙስ ውስጥ የሚገባውን ትል ነው። "ትል ከሌለው እውነተኛ አይደለም" ይላችኋል። ትሉ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የመጣ የገበያ ብልሃት ነው፣ የጥራት ምልክት አይደለም፤ ቴኪላ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይገባም። አትከራከሩት፣ አስቀምሱት። ሎሚና ጨው ይዞ አንዴ ጎንጭ የሚያደርገውንም ቀስ እንዲል ንገሩት። ኦአሃካ ውስጥ አንዷን መለኪያ ይዘው ግማሽ ሰዓት ይቀመጣሉ፤ አጠገቧ የተቆረጠ ብርቱካንና በርበሬ ያለበት ጨው አለ። እኛ ሰዎች በርበሬ ስንል ቶሎ እንግባባለን፤ ሐበሻ ደንበኞቼን ያሸነፍኩት በዚህ ነው።

ፔቹጋ የሚባለው የሜዝካል ዓይነት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሲወጣ ፍራፍሬ ይጨመርበታል፤ ማውጫው ውስጥ ደግሞ ጥሬ የዶሮ ወይም የተርኪ ፈረሰኛ ይንጠለጠላል። ውድ ነው፣ ለበዓልና ለሠርግ የሚወጣ ነው። አንድ ደንበኛዬ በዐቢይ ጾም ሊገዛው ሲል "ጋሼ፣ ይኼ እኮ ፍስክ ነው" ብዬው ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ጾመኛ ከመጠጥ ጋር ምን አገናኘው አትበሉኝ፤ ሱቅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

የዋጋውን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። የአጋቬ ዋጋ ይወጣል ይወርዳል፤ ተክሉ ዓመታት ስለሚፈጅ ሁሉም በአንድ ላይ ይተክልና ሁሉም በአንድ ላይ ይደርሳል። የሰማያዊው አጋቬ ዋጋ ለአንድ ኪሎ 30 ፔሶ አካባቢ ደርሶ ነበር፣ በ2024 ከ10 ፔሶ በታች ወረደ። ይህን የሰማ ነጋዴ አውጪው ጋ ሄዶ "ዋጋ ቀንስ" ይላል። እናቴ አረቄዋን የምትሸጠው ነጋዴው በቆረጠላት ዋጋ ነበር፤ ጀሪካኑ በር ላይ ተቀምጦ ነጋዴው ሲያከራክራት አይቻለሁ። በሸክላ የሚያወጣ ሰው በአንድ ዙር የሚያገኘው ጥቂት ሊትር ነው፤ ከእሱ ላይ አምስት ዶላር ቀንሳችሁ የትም አትደርሱም። ማትረፍ ከፈለጋችሁ ትርፉ ያለው መሃል ካሉት እጆች ላይ ነው።

ልትጀምሩ ከሆነ በኤስፓዲን ጀምሩ። ከ40 እስከ 60 ዶላር መሃል የሚሸጥ፣ የአውጪው ስም ያለበት፣ ሁለት ዓይነት ይበቃል። ከዱር አጋቬ የወጣውን፣ ከመቶ ዶላር በላይ የሆነውን፣ ጠያቂ ሲመጣ አንድ አንድ ጠርሙስ እያላችሁ አስገቡ፤ ካርቶን ሙሉ አትዘዙ፣ አቧራ ይጠጣባችኋል። ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ መስኮት አጠገብ አይሁን። ማስቀመስ ስትፈልጉ ደግሞ መጀመሪያ ፈቃዱን ከዲሲ የመጠጥና ካናቢስ አስተዳደር አውጡ፤ ጠርሙስ ከፍታችሁ ከተቆጣጣሪ ጋር እንዳትፋጠጡ።